ውሰት ወይስ ብድር

ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ ቂርያት ጋት፣ ሦስተኛ ፎቅ።
የጥበቃ ሸሚዜን ስለብስ፣ አንድ እጄ ገብቶ አንዱ ሲቀረኝ፣
የመጨረሻዋ ልጄ ኖፋር «አባ፣ ና ቃል ጠይቀኝ» አለችኝ።
ማክሰኞ ባግሩት አለባት።
ስልሳ የእንግሊዝኛ ቃል፣ በጠጉር ማሰሪያዋ የታሰረ፣
ፊቱ የፈረንጅ ፊደል፣ ጀርባው በዕብራይስጥ የተሞነጫጨረ።
ፊቱን አላውቀው። ጀርባውን በጣቴ እየተከተልኩ
«ሊሽኦል» አልኩ።

«ቦሮው!» አለች ሳታስብ፤ «ይኼማ ቀላል ነው፤
እስክሪብቶም፣ ብስክሌትም፣ ገንዘብም፣ ሁሉም በሱ ነው።»

ገንዘብም? ብስክሌትም? ባንድ አፍ?
እጅጌዬን ተውኩት፤ ተቀመጥኩ ከወንበሩ ጫፍ።
«እኛ ጋ» አልኳት «ሁለት ደጅ አለው፣ አይደበላለቅም፤
ወንፊት ወስዶ ሌላ ወንፊት የሚመልስ ጎረቤት የለም፣
ያው ራሱ ነው የሚመጣው፣ ከነቀዳዳው። ይህ ውሰት ነው።
ጨው ግን ይበላል፣ ያልቃል፤ የሚመለሰው ሌላ ጨው ነው፤
ይህ ደግሞ ብድር ነው።
ስለዚህ አንቺ ወንፊት ትዋሺያለሽ፣ ጨው…»
አላስጨረሰችኝም።
«እኔ መቼ ዋሸሁ?» አለች። ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ዕድሜዬን ሙሉ ስናገረው ጆሮዬ ልብ አላለውም ነበር፤
ለሴት ሲነገር መዋስና መዋሸት የሚገቡት ባንድ በር።
ለወንድ ይለያያል።
ለኔ አልተለየም።

ወገራ፣ ሌሊት ሊሆን ሲል፣ የወይዘሮ ደብሪቱ ደጃፍ፤
ልጇ ከወታደር ቤት ያመጣው ኮዳ፣ የተጨረማመተ ካፉ ጫፍ።
«አውሺኝ» አልኳት «ለአርማጭሆ ገበያ፤ ለቅዳሜ እመልሳለሁ።»
ቅዳሜ መንገድ እንደማልሄድ፣ እሳት እንደማልነካ
መንደሩ ሁሉ ያውቃል።
የሚስቴን ሆድ አየች፤ የአህያውን ጭነት አየች፤
ውሃ ሞልታ ሰጠችኝ፣ ክዳኑን ሁለቴ አጠበቀች።
ምንም አላለች።

ኮዳው ገዳሪፍ ቀረ። እንዴት እንደቀረ ለኖፋር አልነገርኳትም፤
ከስልሳው ካርድ መሀል ለሱ የሚሆን አላየሁም።
ራሱ ካልተመለሰ፣ ውሰቱ ብድር ሆኗል ማለት ነው።
«ብድር በምድር» ይሉ ነበር ያሳደጉኝ፤
ምድሩን የቀየረ ሰውስ የሚከፍለው በየትኛው ነው?

«ሊሽኦል እኮ» አለች ኖፋር «መዋስም ነው፣ መጠየቅም ነው፤
ከግብፅ ሲወጡ ሴቶቹ የጎረቤት ወርቅ የወሰዱት በሱ ነው።»
«መለሱት?» አልኳት።
«አባ፣ እሱ ፈተና ላይ አይመጣም።»

ከዚያ እኔን ልትፈትን ፈለገች፤ «ዓረፍተ ነገር ሥራበት።»
ጠጠር እንደጎረሰ ሰው «አይ… ቦሮው… ኮዳ» አልኳት።
«ያለፈ ነው? እንግዲያ ‹ድ› ጨምርበት መጨረሻው ላይ።
ቦሮውድ።»
«ካልመለስኩትስ፣ ልጄ? ያለፈ ይባላል ወይ?»
ትከሻዋን ሰበቀች፤ ቀጣዩን ካርድ ገለበጠች።
እስክሪብቶዋ ቀለም ጨርሶ፣ ከደረት ኪሴ የኔን መዘዘች፤
«ቦሮው!» አለች፣ ቀና ሳትል።

ፋብሪካው በር ላይ አርካዲን ልተካ ስደርስ፣ መዝገቡን ገለጠ።
ኪሴን ዳበስኩ፤ ባዶ። እጄን ዘረጋሁ። ሰጠ።
እኔ ሩሲያኛ አልችል፣ እሱ አማርኛ አይችል፤
ቃል አልወጣም።
ፈረምኩ። ሄደ።
ሌሊቱን ከበሩ መብራት ሥር እንዲሁ ስቆጥር አደርኩ፤
እስክሪብቶ ራሱ የተውሶ ቃል ነው፣ የጣሊያን፤
ኮዳም ሳይሆን አይቀርም፤ ማን ይመልሳቸዋል አልኩ።

ጠዋት ሸሚዜን ሳወልቅ ጠረጴዛው ላይ ዱብ አለ
የአርካዲ እስክሪብቶ፣ ክዳኑ በጥርስ የተነከሰ፣
ያልተመለሰ።